ዋሽንግተን ሲያወጣ ኦሃዮ ስትቆጥብ

ማርች 6 ቀን 2009 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባራክ ኦባማ ሥልጣን ከያዙ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላቸው የኦሃዮ ዋና ከተማ ኮሎምበስ መጥተው በ25 ምልምል ፖሊሶች ምረቃ ላይ ተገኙ። ለ25 ሰው ምረቃ የአገር መሪ አይመጣም። እነዚህን ምልምሎች ግን ከተማዋ በጀት ስላጠራት እንደማትቀጥራቸው አስቀድማ ነግራቸው ነበር፤ ሥራቸውን ያተረፈላቸው ከ17 ቀን በፊት የተፈረመው የ787 ቢሊዮን ዶላር የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ነው። ደመወዝ ሲገባላቸው የቤት ኪራይ ይከፍላሉ፣ የመኪና ዕዳ ያቃልላሉ፣ አስቤዛ ይገዛሉ፤ አከራዩም ባለሱቁም የደረሰውን በተራው ያወጣል። ተጠራጣሪው ደግሞ ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም ይላል፤ መንግሥት የተበደረው ነው፣ አበዳሪው ለሌላ ነገር ሊያውለው ይችል ነበር። ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት ኦገስት የኮሎምበስ መራጮች የከተማዋን የገቢ ግብር ከ2 በመቶ ወደ 2.5 በመቶ ከፍ ለማድረግ ድምፅ ሰጡ። የዋሽንግተን ገንዘብ ለጊዜው የተሰጠ ስለነበር ከዚያ ወዲያ የፖሊሶቹ ደመወዝ ከጎረቤቶቻቸው ደመወዝ እየተቀነሰ የሚከፈል ሆነ። ሰዎቹም ደንብ ልብሱም ደመወዙም ያው ናቸው፤ ፊት በብድር፣ ኋላ በግብር። በገበያው ላይ የሚያደርገው ግን አንድ አይደለም።

የመንግሥት ወጪ የአንድን አገር አጠቃላይ ፍላጎት ያንቀሳቅሳል ወይ የሚለው ጥያቄ መቶ ዓመት ገደማ አከራክሯል፤ አሁንም ያከራክራል። የተጠራቀመው ማስረጃ ወደ “አዎ” ያደላል ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ያልተዘጋበት ዋናው ምክንያት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው የአንዱን መንግሥት እጅ ብቻ መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን አለ፣ 50 ክፍላተ ግዛት አሉ፣ ከነዚያ በታች ደግሞ ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ የከተማ፣ የካውንቲ፣ የትምህርትና የሌላም አገልግሎት አስተዳደሮች አሉ። አንደኛው ሲያፈስ ሌላው ሊቀዳ ይችላል። ይህን ለማየት ከኮሎምበስ መሀል ብዙም ሳይርቁ፣ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስተ ምዕራብ ያለችውን አፐር አርሊንግተንን መመልከት ይበቃል። ኪንግና ቤን ቶምሰን የተባሉ ወንድማማቾች በ1913 ከእርሻ መሬት ላይ የቆረቆሯት፣ በ2020 ቆጠራ 36,800 ያህል ነዋሪ የተገኘባት፣ አብዛኛው ዳርቻዋ በኮሎምበስ የተከበበ ባለጸጋ ከተማ ናት።

መጀመሪያ የሐሳቡን ሥር እንያዝ። በ1929 የብሪታንያ ግምጃ ቤት ሹማምንት፣ መንግሥት መንገድ አሠርቶ ሥራ አጥነትን ሊቀንስ አይችልም፤ ለመንገዱ የሚበደረው ገንዘብ ከግሉ ባለሀብት እጅ የሚወጣ ነውና ብለው ይከራከሩ ነበር። ሪቻርድ ካን በ1931፣ መምህሩ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ደግሞ በ1936 መልስ ሰጡ፦ ፋብሪካ ተዘግቶ፣ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ከሌላ ሥራ የተነጠቀ አይደለም፤ ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን የሚቀሰቅስ ነው። አንድ ዶላር የተከፈለው ሰው 80 ሳንቲሙን ቢያወጣ፣ ያ 80 ሳንቲም ለሌላው ገቢ ነው፤ እሱም 64ቱን ያወጣል፣ እያለ ይቀጥላል። ገንዘቡ እንደ እቁብ ዙሩን ጠብቆ ሙሉ ሆኖ አይመለስም፤ በየእጁ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ሄዶ ይከስማል። የዙሮቹ ድምር ከመጀመሪያው ዶላር ጋር ያለው ንጽጽር “ማባዣ” ይባላል። ከአንድ ከበለጠ የመንግሥት ወጪ የግሉን ወጪ ጭምር ይዞ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ከአንድ ካነሰ የግሉን በከፊል ገፍቷል፤ ዜሮ ከሆነ የግምጃ ቤቱ ሹማምንት ትክክል ነበሩ። የመንግሥት ግዢ ራሱ ከአጠቃላይ ፍላጎት አንዱ ክፍል ስለሆነ ጥያቄው በትርጉም ተመልሷል የሚል አለ። ይህ ማምለጫ ነው፤ የሚያከራክረው አንዱ ክፍል ሲጨምር የቀሩት ክፍሎች ምን ያህል ይቀንሳሉ የሚለው ነውና።

አሁን ወደ አፐር አርሊንግተን እንመለስ። ከተማዋ የራሷን ገንዘብ አታትምም፤ የዕለት ተዕለት ወጪዋንም በብድር ልትሸፍን አትችልም። የኦሃዮ ክፍለ ግዛትም እንዲሁ ነው። የ1851 ሕገ መንግሥቱ የገቢ ጉድለትን ለመሸፈን የሚወሰድ ብድር ከ750 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ዛሬ አፐር አርሊንግተን ውስጥ አንድ ደህና ቤት በዚያ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ከተማዋ ትሪሞንት ሮድን አስፋልት ባለበሰች ቁጥር ገንዘቡ የሚመጣው ከነዋሪውና እዚያ ከሚሠራው ሰው ገቢ ነው። ደግሞም እዚያው አይቀርም። ጠጠሩ ከድንጋይ ካባ፣ ሬንጁ ከማጣሪያ ይመጣል፤ ሮለሩን የሚነዳው ሰው አርብ ማታ ደመወዙን ይዞ የሚገባው ኮሎምበስ ወይም በአቅራቢያው ያለችው ሂልያርድ ነው፤ አስቤዛውንም እዚያ ይገዛል። ለአፐር አርሊንግተን የፈሰሰው ለማዕከላዊ ኦሃዮ አልፈሰሰም። ወሰኑ በሰፋ ቁጥር ፍሳሹ ይቀንሳል፤ በአገር ደረጃ ሲታይ የሚጠፋው ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ የሚሄደው ብቻ ነው። በግብር የተገኘ ወጪ ደግሞ ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ትሪግቬ ሆቬልሞ በ1945 እንዳሳየው፣ ግብር ከፋዩ ከተወሰደበት ዶላር ከፊሉን ሊቆጥበው ነበር፤ መንግሥት ግን ሙሉውን ያወጣዋል፤ ስለዚህ በጀት ሳይጎድልም ፍላጎት ሊጨምር ይችላል። ግፊቱ ግን በብድር ከሚመጣው ያነሰ ነው።

ከተማ በአንድ መንገድ ግን መበደር ይችላል፤ ለሚቆም ነገር። በኖቬምበር 2017 የአፐር አርሊንግተን መራጮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸውንና አምስት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንደገና ለመገንባትና ለማደስ የ230 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቁ። ገንዘቡ በጥቂት ዓመት ውስጥ በግንበኛና በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ ገባ፤ ዕዳው ግን ለአሥርተ ዓመታት ከቤት ግብር ይከፈላል። ይህ ፍላጎትን ወደፊት የማምጣት ሥራ ነው፤ ፌዴራሉ መንግሥት በትልቁ የሚያደርገው በትንሹ። የሚያሳዝነው ጊዜው ነው። ከ2009 እስከ 2011 ባለው ጊዜ የኦሃዮ ሥራ አጥነት ከ10 በመቶ በላይ ወጥቶ ያውቃል፣ የግንባታ ሠራተኛው ስልክ ጠባቂ ሆኖ ነበር። የአፐር አርሊንግተን ትልቁ ግንባታ የተጀመረው ሥራ ፈት ግንበኛ በቀላሉ በማይገኝበት ሰዓት ነው። ጥፋት ብሎ የሚፈርድ ካለ አልስማማም፤ የትምህርት ቤት ቦርድ የአገር ኢኮኖሚ የማረጋጋት ኃላፊነት የለበትም። መራጭ ደግሞ ኪሱ ሲጠብብ ቦንድ አያጸድቅም። ነገሩ ግን የአካባቢ መንግሥታት ባሕርይ ምን እንደሆነ ያሳያል፤ ሲሞቅ ያወጣሉ፣ ሲበርድ ይሰበስባሉ።

የ2009ኙ ሕግ ትልቁ ፈተናም ይኸው ነበር። ከገንዘቡ ብዙው ያለፈው በክፍላተ ግዛትና በከተሞች እጅ ነው፤ እነሱ ደግሞ ያን ጊዜ ገቢያቸው ወድቆ ነበር። ጆን ኮጋንና ጆን ቴይለር የብሔራዊ ሒሳቡን መርምረው በ2010 ያወጡት ጽሑፍ ያገኘው ይህን ነው፦ ክፍላተ ግዛትና ከተሞች ዕርዳታውን ተቀብለው ግዢያቸውን አልጨመሩም፤ ብድራቸውን ቀነሱበት፣ ከፊሉንም በድጎማ መልክ አስተላለፉት። ከዚህ የባሰ የሚናገረው ጥናት የወጣው ከአፐር አርሊንግተን አፍንጫ ሥር ነው። ያን ጊዜ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቢል ዱፖር ከቲሞቲ ኮንሊ ጋር በ2011 ባቀረበው ሥራ፣ ሕጉ ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ የክፍላተ ግዛትና የከተማ አስተዳደር ሥራ እንዳዳነ፣ በግሉ ዘርፍ ግን ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሥራ እንዳይፈጠር ሳያደርግ እንዳልቀረ ገመተ። የግምቱ የስሕተት ወሰን ሰፊ ነበር። የማነቃቂያው ተቃዋሚዎች ግን ቁጥሩን በደስታ ተቀበሉት። በዚህ አቆጣጠር የኮሎምበሶቹ 25 ፖሊሶች የዳኑ የመንግሥት ሥራዎች ናቸው፤ ለኢኮኖሚው ግን ትርፍ አይደሉም።

እዚህ ላይ መልስ መስጠት የሚቻል ይመስለኛል። ኮጋንና ቴይለር ያዩት እውነት ነው፤ የተረጎሙበት መንገድ ግን ያጠራጥራል። አንድ ከተማ ዕርዳታ ተቀብሎ ወጪውን ካልጨመረ ዕርዳታው ከንቱ ነበር የሚባለው፣ ዕርዳታው ባይመጣም ወጪው ባለበት ይቆይ ነበር ብለን ካሰብን ነው። ኮሎምበስ ግን ባለበት ልትቆይ አልነበረም፤ የመባረሪያው ዜና ለምልምሎቹ ተነግሮ አልቋል። “አልጨመረም” ማለትና “አልወደቀም” ማለት በሒሳብ መዝገብ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ለተከራዩም ለአከራዩም ግን አይመሳሰሉም። ይህን “ባይሆን ኖሮ” የሚለውን ለመለካት ገብርኤል ቾዶሮ ራይክና ባልደረቦቹ ብልህ መንገድ አገኙ። ለድሆች ሕክምና የሚውለው የሜዲኬይድ ድጎማ ለየክፍለ ግዛቱ የተከፋፈለው በከፊል ከውድቀቱ በፊት በነበረው የወጪ መጠን ነው፤ ስለዚህ የበለጠ ያገኘው ክፍለ ግዛት የግድ የበለጠ የተጎዳው አልነበረም። እነሱን ሲያነጻጽሩ በእያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ሺህ ዶላር 3.8 የሥራ ዓመት (አንድ ሰው ለአንድ ዓመት የሚሠራው ሥራ) ተገኘ፤ ከዚያ ውስጥ 3.2ቱ ከመንግሥት፣ ከጤናና ከትምህርት ዘርፍ ውጭ ነው። ዱፖር ራሱም በዚያ ግምቱ አልቆመም። ከፒተር ማክሮሪ ጋር ቆይቶ በ2018 ያሳተመው ጥናት፣ በአንድ አካባቢ የወጣ 1 የማነቃቂያ ዶላር በሁለት ዓመት ውስጥ የአካባቢውን የደመወዝ ድምር በ64 ሳንቲም፣ በአንድ የሥራ ገበያ የተሳሰሩትን ጎረቤቶቹን ደግሞ በ50 ሳንቲም እንደጨመረ ያሳያል። ሮለር ነጂው ይዞት ወደ ሂልያርድ የገባው ደመወዝ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። የአፐር አርሊንግተንን ወሰን ብቻ የሚያይ ግማሹን ይስታል።

የዋሽንግተን ገንዘብ ሲያልቅ የሆነው ደግሞ የክርክሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። በ2011 ገዥው ጆን ኬሲክ የክፍለ ግዛቱን በጀት ሲያዘጋጁ ለከተሞችና ለካውንቲዎች የሚከፋፈለውን የአካባቢ መስተዳድር ፈንድ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ቀነሱ። በዚያው በጀት የውርስ ግብር ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ እንዲቀር ተወሰነ። የውርስ ግብሩ አምስት እጅ ቢሆን አራቱ የሚሄደው ሟቹ ይኖርበት ለነበረው ከተማ ነበር፤ ሽማግሌ ባለጸጎች የሚበዙባት አፐር አርሊንግተን ደግሞ በዚህ ገቢ ላይ እጅግ ከተደገፉት የኦሃዮ ከተሞች አንዷ ነበረች። መንገድ ማደስ፣ የውኃ ቧንቧ መቀየር የሚሉት ሥራዎች ወረፋ ጠባቂ ሆኑ። በመጨረሻ በኖቬምበር 2014 መራጮች የገቢ ግብሩን ከ2 ወደ 2.5 በመቶ ከፍ አደረጉት፤ ጭማሪውም ለመሠረተ ልማት እንዲውል ተመደበ። እዚህ ላይ አንድ የኦሃዮ ሕግ ማስታወስ ይገባል፦ የከተማ የገቢ ግብር መጀመሪያ የሚከፈለው ሰው ለሚሠራበት ከተማ ነው፤ ጡረታ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ስለዚህ ጭማሪው ከማን ኪስ እንደሚወጣና ያ ሰው ባይወሰድበት ምን ሊያደርገው እንደነበር ከተጠየቀ፣ መልሱ በእያንዳንዱ ቤት ይለያያል። ይህን በመላ አገሪቱ አብዙት። ማነቃቂያው ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት የክፍላተ ግዛትና የከተማ አስተዳደሮች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ አራግፈዋል። “መንግሥት ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ ኢኮኖሚው ለምን ቶሎ አላገገመም?” የሚለው ጥያቄ መንግሥት አንድ ነው ብሎ ያስባል። የሁሉም ሲደመር የፈሰሰው ከተባለው በጣም ያንሳል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሮበርት ባሮ በ1974 እንዳስረዳው፣ አርቆ አሳቢ ሰው የዛሬው የመንግሥት ብድር የነገ ግብር እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ለነገው ይቆጥባል፤ መንግሥት በአንድ እጁ የሰጠውን ዜጋው በቁጠባ ይመልሰዋል። አሳቡ ውብ ነው። ሰው ግን እንደዚያ ሲያደርግ ብዙም አልታየም። በ2008 ለቤተሰቦች የተላከውን ክፍያ የተከታተሉ አጥኚዎች ከገንዘቡ ከ50 እስከ 90 በመቶ በሦስት ወር ውስጥ እንደወጣ ገምተዋል፤ ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግምቱን ዝቅ ቢያደርጉትም ወደ ዜሮ አላወረዱትም። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ያዩት ልዩነት ለኮሎምበስ አካባቢ ነዋሪ የሚገርም አይደለም፤ በ2021 መግቢያ የመጣውን 600 ዶላር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ወዲያው አወጣው፣ ደህና ገቢ ያለው ግን አልነካውም ማለት ይቻላል። ክሊቭላንድ አቬኑና ሞርስ ሮድ ዙሪያ፣ የሐበሻና የሶማሌ ሱቆች በተሰለፉበት ሰፈር፣ የዋሽንግተን ቼክ ኪራይና አስቤዛ ሆነ፤ አፐር አርሊንግተን ከደረሰው ብዙው በባንክ ሒሳብ ውስጥ ተኛ። ባሮ ልክ የሚሆነው ለሀብታሙ ነው፤ ያውም አርቆ በማሰቡ ሳይሆን ስላልቸገረው።

የማባዣውን መጠን በተመለከተ ግን ደጋፊዎችም ልክ ማወቅ አለባቸው። ባሮ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጪ ላይ ተመሥርቶ ያገኘው 0.8 ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ስኳርና ጎማ በራሽን ይታደል፣ የግል መኪና ማምረት ቆሞ ስለነበር ግን ሰው ገንዘብ ቢኖረውም የሚያወጣበት አልነበረውም። ቫለሪ ሬሚ በ2019 ዘርፉን ስትገመግም ብዙዎቹ ግምቶች ከ0.6 እስከ 1 ባለው መሀል እንደሚወድቁ ደምድማለች። ኤሚ ናካሙራና ዮን ስታይንሰን የመከላከያ ግዢ የበዛባቸውንና ያነሰባቸውን ክፍላተ ግዛት አነጻጽረው ወደ 1.5 የሚጠጋ አገኙ፤ ይህ ግን የአንዱ ክፍለ ግዛት ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ያለው ብልጫ እንጂ የአገሪቱ ማባዣ አይደለም። ለአንዱ ክፍለ ግዛት ተብሎ ወለድ አይጨመርም፣ ለወጪው የሚከፈለውንም ግብር ሌሎቹ ይጋሩታል። አላን አወርባክና ዩሪ ጎሮድኒቼንኮ ማባዣው በውድቀት ጊዜ ከፍ፣ በዕድገት ጊዜ ዝቅ እንደሚል አሳይተው ነበር፤ ሬሚ ከሳራ ዙባይሪ ጋር በረጅም ዘመን መረጃ ፈትሻ ልዩነቱን በግልጽ አላገኘችውም። ይህን አለመግባባት ብዙውን ጊዜ የሚፈታው ማዕከላዊ ባንኩ የሚያደርገው ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ እየጨመረ ከሄደ የመንግሥትን ግፊት ያከሽፈዋል፤ በ2009 ግን ወለዱን ዜሮ አጠገብ አድርሶ ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ የተገኘው ማስረጃ ከሁሉ ይልቅ ያሳምነኛል። ኦሊቪየ ብላንሻርና ዳንኤል ሊ የዓለም ገንዘብ ድርጅት ኢኮኖሚስቶች ሆነው በ2012 እንዳመኑት፣ የአውሮፓ መንግሥታት ወጪ ሲቆርጡ የሚመጣው ጉዳት ሲተነበይ ማባዣው 0.5 ገደማ ተደርጎ ተወስዶ ነበር፤ የደረሰው ጉዳት ግን ከ0.9 እስከ 1.7 የሚሆን ማባዣ እንደነበረ ያመለክታል። ግሪክ የከፈለችውን ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ 2021 መጣ፤ ክርክሩም ፊቱን አዞረ። በማርች 2020 የ2.2 ትሪሊዮን፣ በማርች 2021 የ1.9 ትሪሊዮን ዶላር ሕጎች ወጡ። በሁለተኛው ውስጥ 350 ቢሊዮን ለክፍላተ ግዛትና ለአካባቢ አስተዳደሮች የተመደበ ነው፤ ከ2009 የተወሰደ ትምህርት ነበር። ዋሽንግተን ሲያፈስ ኦሃዮ እንዳትቀዳ ታሰበ። በዚህ ጊዜ ሁሉም እጅ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፋ። ኢኮኖሚስቱ ሎሬንስ ሰመርስ ገና ሕጉ ሳይወጣ ከሚያስፈልገው በላይ ነው ብሎ አስጠነቀቀ፤ በጁን 2022 የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደረሰ፣ በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ። የአቅርቦት መቆራረጥና የዩክሬን ጦርነት ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም። የሳን ፍራንሲስኮ ፌዴራል ሪዘርቭ አጥኚዎች ግን የመንግሥት ድጋፉ እስከ 2021 መጨረሻ ለንረቱ 3 መቶኛ ነጥብ ያህል ሳይጨምር እንዳልቀረ ገምተዋል። የሚገርመው የማነቃቂያ ተቃዋሚው ይህን እንደ ድል መቁጠሩ ነው። የመንግሥት ወጪ ፍላጎትን የማያንቀሳቅስ ቢሆን ኖሮ ዋጋ ባልናረ። ንረቱ የሚያስረዳው ፍላጎቱ እንደተንቀሳቀሰ፣ የሚያስተናግደው እጅና ዕቃ ግን እንዳልነበረ ነው። አፐር አርሊንግተን በሜይ 2021 ኪንግስዴል ላይ የማኅበረሰብ ማዕከል ለመሥራት በሰፊ ድምፅ ወሰነች፤ ማዕከሉ በ2025 እስኪከፈት የተገነባው ብረትና እንጨት በተወደደበት ዘመን ነው። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ኢንቴል ከኮሎምበስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኒው አልባኒ አጠገብ፣ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የቺፕ ፋብሪካ በክፍለ ግዛቱና በፌዴራሉ ድጋፍ እንደሚያቆም አስታወቀ። የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያው አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ በአንድ ቀን አይውልም። ኬይንስን በ1936 ትክክል ያደረገው ሥራ ፈት እጅ በሌለበት ግምጃ ቤቱ ትክክል ይሆናል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በትግራይ ሕንጣሎ ወጀራትና ዓቢይ ዓዲ በ2011 በተጀመረው የማኅበራዊ የገንዘብ ድጋፍ ሙከራ፣ ለአንድ ድሃ ቤተሰብ የተሰጠ 1 ብር በአካባቢው ገበያ ሲዞር በመጀመሪያው ወረዳ 2.52፣ በሁለተኛው 1.35 ብር ገቢ እንደሚሆን ተሰልቷል። የገጠሩ ወረዳ ከከተማው መብለጡ ትኩረት ይስባል፤ ጤፉም ዶሮውም የሚገዛው ከጎረቤት ስለሆነ ብሩ ቶሎ አይሸሽም። እነዚያው አጥኚዎች ታዲያ የአካባቢው ምርት ቶሎ መጨመር ካቃተው ከፊሉ ዋጋ ብቻ ሆኖ እንደሚቀርና ቁጥሮቹ እንደሚወርዱ አስጠንቅቀዋል። በአገር ደረጃ ያየነው ይህንኑ ነው። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በሚወስደው ቀጥታ ብድር ሲሸፍን ከርሞ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። በ2011 የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በቦንድ ሲሰጥ የራሱን አስቤዛ ቀንሶ ነው፤ ሲሚንቶውና ቁፋሮው ለአገር ልጅ ሥራ ሲሆን፣ ለተርባይን የወጣው የውጭ ምንዛሪ ግን የአሶሳን ገበያ ሳይነካ ባሕር ተሻገረ። ግድቡ ከዓመታት በኋላ የሚሰጠው ኃይል የአቅርቦት ጉዳይ ነው፤ የግንባታው ዘመን ፍላጎት ሌላ ሒሳብ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ የበጀት ንግግሮች ግን በአዲስ አበባም በኮሎምበስም ሞልተዋል።

ኦሃዮ ውስጥ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የጠራው ምሳሌ ሳይሠራ የቀረ ነገር ነው። በ2010 ከማነቃቂያው ገንዘብ 400 ሚሊዮን ዶላር ክሊቭላንድን፣ ኮሎምበስንና ሲንሲናቲን ለሚያገናኝ የመንገደኞች ባቡር ተመድቦ ነበር። ኬሲክ በምርጫ ሲያሸንፉ ባቡሩን አንፈልግም አሉ፤ ገንዘቡ ለመንገድ እንዲዛወር ወይም ዕዳ እንዲቀንስበት ጠየቁ። ዋሽንግተን እንቢ አለ፤ በዲሴምበር 2010 ከገንዘቡ አብዛኛው ለካሊፎርኒያ፣ ለፍሎሪዳና ለሌሎች ተከፋፈለ። ከጥቂት ወራት በኋላ የፍሎሪዳው ገዥም በተራው መለሰው። ለአሜሪካ አጠቃላይ ፍላጎት ሲታይ የተቀነሰ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ዶላሩ አድራሻ ቀየረ፣ ትንሽ ዘገየ። ኦሃዮ ግን ከዚያ ገንዘብ የሚያገኘውን ደመወዝ አላገኘም፤ ዕዳውን ግን እንደማንኛውም ክፍለ ግዛት በፌዴራል ግብሩ ይጋራል። በመንግሥት ወጪ የማያምን ገዥ ያዳነው የኦሃዮ ገንዘብ የለም፤ የሌላ ክፍለ ግዛት ሐዲድ አንጣፊ አተረፈ እንጂ። ኮሎምበስ የመጨረሻውን የመንገደኛ ባቡር የሸኘችው በ1979 ነው፤ ከአፐር አርሊንግተን ወደ ክሊቭላንድ የሚሄድ ሰው ዛሬም ኢንተርስቴት 71ን ይዞ በመኪና ይነዳል።